በጠዋት ብቻ የምትታይ ላም

ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
አሰላ

ለክቡር አቶ ገብረሥላሴ
የወተት ላም አርቢዎች ማህበራችን ሊቀመንበር፣ የማህበሩ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ እንዲሁም ላም ሻጭ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ ተሰጠኝ ትምህርት ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎ፣ የባለቤትዎና የልጆችዎ ጤንነት እንዴት ነው? ዘንድሮ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ወገብ የሚይዝ ሆኗልና ወገብዎን እንዲጠብቁ በሠላሳ አንድ ዓመት የነርስነት ልምዴ አደራ እላለሁ። በበረትዎ ያሉት ላሞችም፣ የሚቻል ከሆነ ጠዋትም ማታም እየታለቡ፣ ሰላም እንዲሆኑ ከልቤ እመኛለሁ።

ከሥራ ብዛት ረስተውኝ እንደሆነ ራሴን ላስታውስዎ። ሐመልማል እባላለሁ፤ የከተማው ሰው ሲስተር ሐመልማል ይለኛል። ከደብረ ማርቆስ ለሁለት ዓመት ተመድቤ መጥቼ፣ አሰላን ወድጄ እዚሁ የቀረሁ፣ አምና ጡረታ የወጣሁ፣ ኅዳር አሥር ቀን ደግሞ ሸጋ የምትባል ጥቁርና ነጭ ላም ከእርስዎ የገዛሁ ሴት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማህበሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ለክብርዎ ሳልጠነቀቅ ቀርቼ አይደለም። በታሸገ ፖስታ የላክሁት የመጀመሪያው ደብዳቤዬ እጁ የገባው ሰው ማን እንደሆነ ሁለታችንም ስለምናውቅ ነው። እሱን በቦታው አነሳዋለሁ።

ቆሞ የሚያነብ ሰው ነገሩ ግልጽ እንዲሆንለት ላሟን ለምን እንደ ፈለግኋት ላስቀድም። በሰፈራችን ያለችው መዋዕለ ሕፃናት ርዕሰ መምህርት ፈይሩዛ ትባላለች፤ ሁለቱንም ልጆቿን ያዋለድኳት እኔ ነኝ። ለአርባ ሕፃናት በየጠዋቱ አንዳንድ ኩባያ ወተት፣ በጠቅላላው አሥር ሊትር የሚያቀርብ ሰው ስትፈልግ ወደ እኔ መጣች። እርስዎ የፈረሙበትን «በቀን አሥራ አራት ሊትር የምትሰጥ» የሚለውን ወረቀት አሳየኋትና ተዋዋልን። ወተቱ ሲረከብ በምን ይለካ ብዬ ብጠይቃት ሳቀችብኝ፤ «ኧረ ሲስተር፣ እርስዎ ያመጡትን ወተት እኔ ልለካ? ወላሂ አላደርገውም» አለች። ይህችን ቃል ልብ ይበሉልኝ፤ ከላሟ በላይ ዋጋ ያላት እሷ ናት።

አሁን ምስጋናዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጠዋቱ አመሰግናለሁ። ላሟን ማታ መጥቼ ልያት ብል፣ «እህቴ፣ ላም በጠዋት ነው የምትታየው፤ ማታ ደግሞ የማህበር ስብሰባ አለብኝ» ብለው ለአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ቀጠሩኝ። ስደርስ የሸጋ ጡት ተወጥሮ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር፤ በሥራ ዘመኔ ስንቷን አራስ ከተወጠረ ጡት ስቃይ የገላገልኩ ሴት ይህን አይቼ ጥጋብ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ራስዎ ዝቅ ብለው አለቧት፤ ባልዲው ሰባት ሊትር ያዘ። «ይሄ የጠዋቱ ብቻ ነው፤ ማታም ይህንኑ ያህል ትጨምራለች» አሉኝ። እንዳሉትም በወረቀቱ ላይ ተጻፈ። ያ ባልዲ የጠዋቱ ብቻ እንዳልነበረ፣ ላሟ ማታውን ሳትታለብ ስታቃስት አድራ የሙሉ ቀኗን ወተት በአንድ ጊዜ እንደ ሰጠች ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። እዚህ ላይ ጥፋቴን አምናለሁ። የበሽተኛን ትኩሳት ጠዋት ብቻ ለክታ ቻርቱን የዘጋች ነርስ ባገኝ «የማታውስ?» ብዬ ክፍሉን በጩኸት እሞላው ነበር። በእርስዎ በረት ውስጥ ቆሜ ግን «የማታውስ?» ማለት ጠፋኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ለሰው ስጠይቅ የኖርኩትን ጥያቄ ለራሴ አንድ ጊዜ አልጠየቅኩትም።

ሁለተኛ፣ ለደኅንነቴ ስለ ተጨነቁልኝ አመሰግናለሁ። ሲያልቡ «በዚህ በኩል ቁሚ፣ በዚያ በኩል ትራገጣለች» ብለው በክንዴ ይዘው አቆሙኝ። ሸጋ እኔ ጋ ከመጣች ሁለት ወር አልፏታል፤ እስካሁን አንድ ዝንብ እንኳ ረግጣ አላየሁም። በዚያ በኩል የነበረው ሌላ ነገር ነው፤ ከአራቱ ጡቶቿ የኋለኛው ደርቆ ጠጥሯል፣ ጠብ አይልም። እኔ በዚህ በኩል ቆሜ ስለ ትህትናዎ አመሰግንዎ ነበር።

ሦስተኛ፣ በስልክ ስለ ሰጡኝ ያልተቋረጠ የሙያ ድጋፍ አመሰግናለሁ። በገዛኋት ቀን ማታ ሦስት ሊትር፣ በማግስቱ ጠዋት ሦስት ተኩል ሰጠች። ብደውል፣ ቤቷ ናፍቋት ነው አሉኝ። በሳምንቱ ብደውል መኖው ተለውጦባት ነው አሉኝ፤ እርስዎ የሚገዙበት ድረስ ሄጄ ያንኑ ፉርሽካ አመጣሁላት። በሦስተኛው እጅሽ ቀዝቃዛ ነው አሉኝ፤ ጓንት ገዛሁ። በአራተኛው ሰው ሲዘፍንላት ወተት እንደምትለቅ ነገሩኝ። ክቡር ሊቀመንበር፣ በስልሳ አንድ ዓመቴ፣ ብርዱ ፊት እየገረፈ፣ በጓንት ላም እያለብኩ ዘፍኛለሁ። ጎረቤቶቼ ምስክር ናቸው። ሦስት ሊትር።

በዚህ መሀል የፈይሩዛን አሥር ሊትር እንዴት ሞላሽ ይሉኝ ይሆናል። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለ ነበር የጎረቤቶቼ ወተት ተርፏቸው ይሸጡልኝ ነበር፤ የጎደለውን ከእነሱ እየገዛሁ፣ ላሟ እስክትለምድ እያልኩ አቀርብ ነበር። ሸጋ ግን የምትለምደው ነገር አልነበራትም። ይህን የነገረኝ ጉደታ ነው።

ጉደታ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ ያውቁታል፣ እሱም ያውቅዎታል። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ላሟን እንዲያይልኝ ጠራሁት። ከግቢዬ በር ገባና ቆመ፤ አይቷት አይቷት «ሎሚ!» ብሎ ጠራት። አንድ ወር ሙሉ ሸጋ፣ ሸጋ ስላት ጆሮዋን ያልነቀነቀችልኝ ላም አንገቷን አዙራ እየተራመደች ወደ እሱ ሄደች። «ሲስተር፣ ይቺን ላም እኮ አውቃታለሁ። ኢተያ ተሸጣ እያለች ጡቷን ያከምኳት እኔ ነኝ፤ ዘግይተው ነው የጠሩኝ፣ አንዱን ማትረፍ አልቻልኩም» አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ «ሲገዟት ጠዋት ነው ያዩዋት አይደል?» ሲል ጠየቀኝ። ጠዋት ነው አልኩት። «አዪ ሲስተር!» አለ።

በአንድ የሻይ ሰዓት ሁሉንም ከእሱ ተረዳሁ። ላሟ ከእኔ በፊት ሁለት ጊዜ ተሸጣ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች። በየጊዜው ማታ ሳትታለብ ታድራለች፣ ጠዋት ትታያለች፣ ስም ይወጣላታል፣ ትሸጣለች። ገዢው ሲያማርር እርስዎ አዝነው በቅናሽ መልሰው ይረከቧታል። ከእኔ በፊት ለገዛቻት ለኢተያዋ ሴት ሲሸጧት ግን ማታውን ብቻ አልነበረም የተዉአት፤ አንድ ቀን ሙሉ ሳትታለብ አቆዩዋት፤ አንዱ ጡቷ ቆስሎ የደረቀው ያኔ ነው። ያን ቀን የደወልኩልዎት ምክር ለመጠየቅ አልነበረም፤ እርስዎም ይህን ከድምፄ ተረድተው መሰለኝ፣ «እህቴ፣ ይሄ እኮ የንግድ ዘዴ ነው፤ ሁሉም ያደርገዋል። ካልተመቸችሽ አምጫት፣ አዝኜልሽ ቀነስ አድርጌ እወስዳታለሁ» አሉኝ። ስለ ሐዘንዎ አመሰግናለሁ፤ ይህ አራተኛው ነው።

አምስተኛ፣ ስለ ፈጣን ፍትሕ አመሰግናለሁ። ቅሬታዬን ለማህበሩ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ በታሸገ ፖስታ አቀረብኩ። በመንግሥት ቤት ዕድሜዬን የጨረስኩ ሴት ነኝና መልስ በአራት ቀን ሲመጣ ደንግጬ ተቀመጥኩ። መልሱ «ቅሬታ አቅራቢዋ ላሟን አይታ፣ ወዳና ፈቅዳ የገዛች ስለሆነ ቅሬታው ውድቅ ተደርጓል» ይላል። ከሥሩ የኮሚቴው ሰብሳቢ ፊርማ አለ፤ ፊርማው የእርስዎ ነው። ዝቅ ብሎ ደግሞ «ግልባጭ፦ ለሻጭ ለአቶ ገብረሥላሴ» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ግልባጩ በሰላም ደርሶዎታል? መንገድ ላይ እንዳይጠፋ ሰግቼ ነበር።

«አይቼ፣ ወድጄና ፈቅጄ ገዝቻለሁ» የሚለው ቃል በማህበራችን የውል ቅጽ ላይ አስቀድሞ ታትሞ የሚገኝ ነው፤ እኔም ፈርሜበታለሁ፣ አልክድም። ስለዚህም ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን የውል ክፍል አስገለበጥኩና መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። እርስዎ የንግድ ዘዴ የሚሉትን ሕጉ ባጭሩ ተንኮል ብሎታል። አንዱ ወገን እንዲህ ባይታለል ኖሮ ውሉን የማይገባ የነበረ እንደሆነ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። የተለየ መተማመን ባላቸው ሰዎች መካከል ሲሆን ደግሞ ሐሰተኛ ቃል ራሱ እንደ ቀላል ነገር አይታለፍም፤ እኔም ከመንገደኛ አልገዛሁም፣ መዋጮ ከምከፍልበት ማህበር ሊቀመንበር ነው የገዛሁት። «አይቼ» ማለቴ እውነት ነው። ያየሁት ግን እንዳየው የተሰናዳልኝን ነው፤ ጠዋቱን አየሁ፣ ማታውን ደበቁኝ፤ በዚህ በኩል አየሁ፣ በዚያ በኩል ከለከሉኝ። የወደድኳትም ላም ያቺ አሥራ አራት ሊትሯ ናት፤ እሷ በዓለም ላይ የለችም።

ቀጥሎ ላለው ነገር ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም፤ ለማመስገንም ብዕሬ እንቢ ብሎኛል።

ጾሙ ተፈታ። ገና ሲያልፍ የጎረቤቶቼ ወተት ወደየልጆቻቸው ተመለሰ፤ ተገቢም ነው። ጥር ሁለት ቀን ጠዋት ስድስት ሊትር ወተት ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ አርባ ሕፃናት ደግሞ አሥር ሊትር እየጠበቁ ነው። ከጎኑ በጆግ ውኃ ነበር። ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውኃ ነው፤ ማንንም አያሳምም። ጆጉን አነሳሁት። ፈይሩዛ አትለካም ብዬ አሰብኩ። ሕፃናት ቀጠነ ወፈረ አይሉም ብዬ አሰብኩ። እኔም ተታልዬ ነው እኮ ብዬ አሰብኩ፤ ሁሉም ያደርገዋል ብዬ አሰብኩ፤ ይህን ስል በጆሮዬ የመጣው ድምፅ የእርስዎ ነበር።  ለዚህ ነው የምጠላዎት፤ እንዲህ በግልጽ ስለ ጻፍኩት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ላም ሸጠውልኝ ብቻ ቢሆን በተናደድኩና ባለፈ ነበር። ውሸቱን ግን በእጄ አስይዘው ወደ አርባ ሕፃናት ላኩኝ።

ሳላውቅ ለፈይሩዛ አሥራ አራት ሊትር ማለቴ ስህተት ነው። ከጉደታ ከሰማሁ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ዝም ማለቴ ግን ስህተት አይደለም፤ ስሙን ከሕጉ ላይ አንብቤዋለሁ። ጆጉን አስቀምጬ ስድስቱን ሊትር ይዤ ሄድኩና ቢሮዋ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጆጉን ጭምር። ፈይሩዛ ስድስቱን ሊትር ከእጄ ተቀበለች። ከዚያ «ግድ የለም ሲስተር፣ ግማሽ ኩባያም ቢሆን ወተት ይሁን» አለችኝ። ውላችንን አምስት ሊትር ብለን እንደገና ጻፍነው። እያለቀስኩ ወደ ቤቴ ገባሁ፤ ከእፎይታም ጭምር ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወተቱን ይዤ ስሄድ ፈይሩዛ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እጇ ላይ የሊትር መለኪያ ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም፤ አንድ፣ ሁለት እያለች ለካች። አምስት ሞላ። አመሰገነችኝ፤ እኔም አመሰገንኳት። አልፈርድባትም፤ እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እለካ ነበር። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ከተማ መርፌ ስወጋ፣ ስንቱን ሳዋልድ፣ ማንም «የታዘዘው መድኃኒት ይህ ነው?» ብሎኝ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ተለካሁ። ይህን ጉዳት ለዳኛ በምን ቃል እንደማስረዳው እስካሁን አላገኘሁም፤ እርስዎ በቅናሽ የሚረከቡት ዕቃም አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄዬን ላቅርብ። ውሉ ይፍረስልኝ ብዬ እንዳልከስዎ ሰግተው ጠበቃ ማማከርዎን ሰምቻለሁ። ይረጋጉ፤ ላሟን አልመልስም። ሕጉ መብቱን ሰጥቶኛል፣ ጊዜውም ገና አላለፈም፤ ነገር ግን ብመልሳት ሎሚ አራተኛ ስም ይወጣላታል፣ አንድ ማታ በተወጠረ ጡት ቆማ ታድራለች፣ ጠዋት ደግሞ አንዲት ሌላ ሴት በትክክለኛው በኩል ትቆማለች። ሦስት ጡት ነው የቀራት። እኔ ጋ ትሁን። በስሟ ስጠራት ጆሮዋን ማንቀሳቀስ ጀምራለች፤ ያለ ዘፈንም ትታለባለች። ካሳውን በተመለከተ ፍርድ ቤት እንገናኛለን፤ የሚቆረጠውን ዳኛው ይቁረጡት።

ከማህበሩ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ከውል ቅጹ ላይ «አይቼ፣ ወድጄና ፈቅጄ» የሚለው ይነሳና በቦታው «ላሟ ማታም ጠዋትም በገዢው ፊት ታልባለች፤ ገዢውም በሁለቱም በኩል ቆሞ አይቷል» የሚል ይግባ። ሐሳቡ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ዘንድ እንደሚቀርብ አውቃለሁ፤ ሰብሳቢው ከሻጩ ጋር ተማክረው መልስ እንዲሰጡኝ በትህትና እጠይቃለሁ። በአራት ቀን ይደርስልኛል ብዬ እተማመናለሁ።

ማታ ማታ የሚበዛብዎ ስብሰባ እንዲቀልልዎ፣ በረትዎ በሁለቱም በኩል ብርሃን እንዲያገኝ እየተመኘሁ፣ ስላስተማሩኝ ሁሉ ባለ ዕዳ ሆኜ እቆያለሁ፤

አክባሪዎ
ሲስተር ሐመልማል
ጡረተኛ ነርስ፣ የማህበሩ አባል፣ የሦስት ጡት ላም ባለቤት

ግልባጭ፦
ለማህበሩ አባላት በሙሉ
ለመዋዕለ ሕፃናቱ ርዕሰ መምህርት
ለኢተያዋ ገዢ፣ ብቻዋን እንዳልተሞኘች እንድታውቀው
ለሻጭ ለአቶ ገብረሥላሴ፣ እንደ ተለመደው

ማሳሰቢያ፦ በጓሮ በረትዎ ያለችውን ቀይ ላም ለማየት ቅዳሜ ጠዋት የቀጠሯት የበቆጂዋ ወተት ነጋዴ ነቢላ ቀኑ እንደማይመቻት እንዳሳውቅዎ ጠይቃኛለች። አርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ትደርሳለች፤ የማታውን አለባ አይታ እኔ ቤት አድራ ለጠዋቱም ትመለሳለች። ለአለባው አይድከሙ፣ ራሷ ታልባለች፤ ግራኝ ስለሆነች የምትቀመጠው በዚያኛው በኩል ነው። ባልዲም አያዘጋጁላት፣ የራሷን ይዛለች። የሊትር መለኪያውን ያዋሰቻት ፈይሩዛ ናት።